እሳቱ ሰ

መሰላሉ አናት ላይ ቆማ ከአንዲት ባዶ ቦታ ጋር ተፋጥጣለች።

ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ «የ…ዕል ቤት» ይላል። ከ«የ» ቀጥሎ የአንድ ፊደል ቦታ ክፍት ነው። ሌላው ሁሉ ተጽፎ አልቋል። ሆን ብላ ነው የተወችው።

የምስጢር ስሟ «እርሳስ» ነው። ለሰፈሩ ሰው ግን የሰሌዳ ጸሐፊው የጋሼ ረዳት ናት። ማዘጋጃ ቤቱ «የአሮጌው ከተማ መልክ ይመለስ፣ የፕላስቲኩና የመብራቱ ማስታወቂያ በሙሉ ይውረድ» ብሎ ካዘዘ ወዲህ የጋሼ ዲዛይን ቤት ሥራ በሥራ ሆኗል። ሱቁም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም በእጅ የተጻፈ ሰሌዳ ይፈልጋል። ለሰላይ ከዚህ የተሻለ ሽፋን ከየት ይመጣል? መሰላል የተሸከመ ሰው የትም ቢቆም ማንም «ምን ትሠራለህ?» አይለውም። መንገደኛው ቀና ብሎ ፊደሉን ያያል እንጂ ጸሐፊውን አያይም።

ዛሬ ርክክብ አለ። አንዲት ፎቶ አንሺ በዚህ መንገድ ትመጣለች። መንግሥት «አልያዝናቸውም» እያለ የሚምልባቸውን እስረኞች በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ አንስታቸዋለች። ፊልሙን ይዛ ወደ ሥዕል ቤቱ ትገባለች። ለባለቤቱ ትሰጣለች። የባለቤቱ የምስጢር ስም «ድልድይ» ነው። ድልድይ «እርሳስ» የሚባል ሰላይ እንዳለ ሰምቷል። ማን እንደሆነ ግን አያውቅም።

ምልክቱን የሚያውቁት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ናቸው።

«ንጉሡን ሠ ካየሽ ግቢ» ብላታለች እርሳስ። «እሳቱን ሰ ካየሽ እንዳትቆሚ። ፊልሙን ከመሰላሉ ሥር በቆመው የቀለም ጋሪዬ ላይ ካለው ባዶ ጣሳ ውስጥ ጣይና እለፊ።»

ሁለቱ ፊደላት ሲነበቡ ድምፃቸው አንድ ነው። አብዛኛው ሰው አንዱን በሌላው እየተካ ይጽፋል፤ ማንም ደንታ የለውም። ለዚህ ነበር የመረጠችው።

ብሩሹን ቀለም ነከረች። ንጉሡን ልትጽፍ እጇን ስታነሳ ከበሩ በላይ ባለው መስታወት ወደ ውስጥ አየች።

ጫማ።

ግድግዳው ላይ ከተደገፉት ትልልቅ ሸራዎች ሥር የወንዶች ጫማ ይታያል። ሸራዎቹ ሰዎቹን ደብቀዋል፣ ጫማቸውን ግን አልደበቁም። ድልድይ አጠገባቸው ቆሞ ይሳሳቃል። መስታወቱ ገርበብ ያለ ስለሆነ ድምፁ ይሰማል።

«ስትገባ በሩን እኔ እቆልፋለሁ።»

«እርሳስ የምትሉትስ?» አለ አንደኛው ከሸራው ጀርባ።

«ልጅቷ ትናገራለቻ! እጃችሁ ከገባች ምን ያቅታችኋል?»

መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ ነፋስ መሰላት፤ ነፋስ ግን አልነበረም። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ብትጮህ ሁለቱም ያልቃሉ። ብትወርድ ፎቶ አንሺዋ ብቻዋን ትገባለች።

እሳቱን ጻፈች። እግሩ ጠመመ። ግን እሳቱ ነው። «የስዕል ቤት»።

«ምንድን ነው የማየው?»

ጋሼ ቀለም ማቅጠኛ ገዝተው ተመልሰዋል። ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ የሠርግ መጥሪያ ደርሷቸው «ሠርግን በእሳቱ ሰ?» ብለው በቀይ አርመው ለሙሽራው መልሰውለታል። እሷ ምልክቱን ስትመርጥ ሁሉን አስባ እኚህን ሰው ረስታለች።

«ልጄ፣ ንጉሡን አውርደሽ እሳት ለኮስሽበት እኮ!»

«ጋሼ፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ።»

«ከደረቀ በኋላ? መንገደኛው ምን ይለኛል?»

«ትንሽ ይቆይ። በሞቴ!»

«ለአንዲት ፊደል በሞትሽ ታስምይኛለሽ?»

በወዲያኛው ወገን መሰላሉን መውጣት ጀመሩ። እያለከለኩ፣ እያጉረመረሙ። ጨርቃቸውን ቀለም ማቅጠኛ ነክረዋል።

ፎቶ አንሺዋ ከማዕዘኑ ብቅ አለች።

ጋሼ ጨርቁን ወደ ፊደሉ ዘረጉ። የእሳቱ ጠርዝ ደበዘዘ።

እጃቸውን ያዘችው።

«ጋሼ» አለች በሹክሹክታ። «እግርዎ ላይ ልውደቅ። ትንሽ ብቻ።»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ፊቷን አዩ። ላብ አጥምቋታል። ከንፈሯ ነጥቷል። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

ፎቶ አንሺዋ ወደ ሥዕል ቤቱ በር ተጠጋች። ቀና አለች። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ አረፈ።

ከጋሪው አጠገብ ስታልፍ ጣሳው ኪል አለ።

አልቆመችም። ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅላ ጠፋች።

ጋሼ ጣሳውን አዩ። እጃቸውን የያዘችውን እጅ አዩ። ስትለቃቸው እሳቱን ጠርገው ንጉሡን በቦታው ጻፉት። ሁለቱም ወረዱ።

በሩ ተበርግዶ ድልድይ ወጣ። ከኋላው ባለ ጫማዎቹ ተከተሉት።

«እስከ በሩ መጥታ ለምን ተመለሰች?» አለ አንደኛው።

ድልድይ ዙሪያውን ቃኘና ቀና አለ። ዕድሜውን ከሥዕል ጋር ያሳለፈ ሰው ነው። ከእርጥቡ ፊደል ሥር ሌላ ፊደል እንዳለ ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም።

«ይቺ ተቀይራለች። መጀመሪያ እሳቱ ነበር። ማን ነው የጻፈው?»

እሷ ልትናገር ነበር። በኋላ ዘወትር ለራሷ የምትነግረው ይህንን ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ?» ድልድይ ሳቀ። «የሰው ሠርግ የሚያርሙት ሰውዬ፣ ሥዕልን በእሳቱ?»

ጋሼ የቀለም እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ተሳሳትኩ» አሉ። «አርጅቻለሁ።»

«ተሳሳትኩ» የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። ድልድይም አላመነም። ለዚያም ነው መሳቁን የተወው። ሰዎቹ በጋሼ ግራና ቀኝ ቆሙ።

«ይቺስ?» አለ ድልድይ ወደ እሷ እያየ።

«እሷ? ጣሳ አጣቢ ናት። ፊደል የት ታውቅና!» ዞረው ጮኹባት። «አንቺ! ምን ይገትርሻል? ጋሪውን ይዘሽ ጥፊ! ጣሳዎቹን አደራ!»

ጋሪውን ገፋች። ኮብልስቶኑ ላይ ጣሳዎቹ ሲንኳኩ አገር የሚሰማት መሰላት። ከኋላዋ የመኪና በር ተዘጋ። አልዞረችም።

ፊልሙ ደረሰ። ፎቶዎቹ በየአገሩ ጋዜጣ ወጡ። ፎቶ አንሺዋም ድንበር ተሻገረች። የምድር ቤቱ እስረኞች ተለቀቁ ሲባል እርሳስ ሲወጡ የተነሱትን ፎቶ እያንዳንዱን ፊት እየለየች፣ ደግማ ደጋግማ አየችው። ጋሼ የሉበትም።

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም መሰላል ትሸከማለች። የምትጽፈው «የሠርግ ልብስ ኪራይ» የሚል ሰሌዳ ነው። ባለሱቁ ከታች ቆሞ ይጣደፋል።

«እመቤት፣ በዚያችኛዋ በቀላሏ ሰ ብትጽፊው ቶሎ አያልቅም? ማን ይለየዋል?»

«አንድ ሰው አለ» አለች።

ንጉሡን ጻፈች። እግሮቹን ቀጥ አድርጋ። ከዚያ ከበሩ በላይ ባለው መስታወት ወደ ውስጥ፣ ወደ ወለሉ፣ ጫማ ፍለጋ አየች። ምንም የለም። ወረደች፤ መሰላሏን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መንገደኛው መሀል ገባች።