የውዳሴ ቀኝ እግር

ኢንስፔክተር እንቁ ደም አትጠየፍም፤ ሬሳም አትፈራም። በሥራ ዘመኗ ገደል የገባ፣ ወንዝ የወሰደው፣ ጥይት ያፈረሰው ሰው አይታ ምሳዋን በልታለች። የምትጠየፈው ፀጉር ነው። ራስ ላይ ሳለ ግድ የላትም፤ ከሰው ተለይቶ ሳሙና ላይ ተጣብቆ ወይም ወጥ ውስጥ ተጠምጥሞ ስታየው ግን አንጀቷ ይገለበጣል። ዕጣዋ ሆነና ያን ቀን ጠዋት ከፍኖተ ሰላም ተጠርታ ቡሬ ስትደርስ፣ የቆመችው ፀጉር በሞላው ሳፋ ፊት ነበር።

የሳፋው ውሃ ከትናንት ጀምሮ አልተደፋም። አረፋው ሞቶ እንደ አይብ ረግቷል፤ በላዩ ደቃቅ ጥቁር ፀጉር ተበትኖበታል፤ ዝንቦች እያረፉ ይነሣሉ። ከሳፋው አጠገብ በሲሚንቶው ደረጃ ጠርዝ ላይ የደረቀ ደም አለ። የሃያ አራት ዓመቷ ውዳሴ፣ ለሠርጓ አሥር ቀን ሲቀራት፣ በወንድሟ ቤት መታጠቢያ ክፍል ወድቃ የተገኘችው እዚህ ነው።

እንቁ አፍንጫዋን በመሐረብ ያዘች። «ይህን የሚደፋ ሰው ጠፋ?»

«ማስረጃ ነው ብዬ ነው» አለ የቡሬው ፖሊስ ሳጅን መልካሙ። «ነገሩማ አልቋል፣ ኢንስፔክተር። ሐኪሙ ራሷ ከደረጃው ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጭቷል ብሏል።»

«ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አይወድቅም።»

«እንዲያ ነው። ገዳይዋም ተይዛለች። ምሕረት ትባላለች፤ የሟች ጓደኛ ናት። በራሷ አፍ የተናገረችውን ልንገርዎት። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ውስጥ ማሽኑ ይጮኻል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዝም ሲል በሩን ከፈትኩ፣ ሞታ አገኘኋት ትላለች። የገባም የወጣም ሰው አላየሁም ትላለች። እንግዲህ ማሽኑ ሲጮኽ ሟች በሕይወት ነበረች። ዝም ሲል ሞታለች። ከምሕረት ሌላ ማን አለ?»

«ማሽን የምትለው ምኑን ነው?»

መልካሙ ዓይኑን ሰበረ። «የፀጉር መንቀያ ነው። የሴቶች። እኔ እንኳ አልነካሁትም።»

ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከቀብሩ በኋላ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ምሕረትም ወደ እስር ቤት ይሄዳሉ። አሁን በፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች፤ የሰፈሩ ሰው ድንጋይ እንዳይወረውርባት ሁለት ፖሊሶች ይጠብቋታል። በግቢው ውስጥ «በሙሽራዋ ቀንታ ነው» የማይል አፍ የለም።

እንቁ ጓንት አጥልቃ ማሽኑን ፈለገች። ከወለሉ ላይ አልነበረም፤ በርጩማ ላይ፣ በታጠፈ ደረቅ ፎጣ መካከል ተቀምጧል። ጭብጥ የሚያክል ነጭ ዕቃ ነው። ጫፉ ላይ በጥቃቅን ወረንጦዎች የተሞላ ተሽከርካሪ አለው፤ ወረንጦዎቹ መካከል የታጨቀው ፀጉር ከሳሙና ጋር ተቦክቶ ደርቋል። ከሥሩ ደግሞ አንድ ነጣ ያለ ነገር ተጠምጥሟል።

«ማን አጠፋው?»

«ማንም። ሲገኝ ዝም ብሎ ነበር።»

«ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። ቻርጀሩን ፈልገህ ሰካው።»

ምሕረት በመኪናው ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተኮራምታለች። ፍኖተ ሰላም በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች።

«ማሽኑን የመረጥኩላት እኔ ነኝ» አለች። «ምላጭ እያቆሰላት፣ በሦስተኛው ቀን ፀጉሩ እየወጋት ተማርራ ነበር። መብራት ስለሚጠፋ በቻርጅ የሚሠራ፣ ወረንጦው ብዙ የሆነ ያዝኩላት። ዓመት ሆናት፤ ከእኔ በላይ ለምዳዋለች።»

«እንዴት ነው የሚሠራበት?»

ልጅቷ እንቁ የምትፌዝባት መስሏት ቀና ብላ አየቻት። «በሞቀ ውሃ ታጥቦ ማድረቅ ነው። ከዚያ በአንድ እጅ ቆዳውን ወጠር አድርጎ፣ ማሽኑን ከታች ወደ ላይ፣ የፀጉሩን አበቃቀል ተቃራኒ፣ ቀስ አድርጎ መንዳት። ወደ ታች ከነዱት ፀጉሩ ይበጠሳል እንጂ ከሥሩ አይነቀልም።»

«ያማል?»

«ኧረ ያስለቅሳል! ውዳሴማ በየመሐሉ እያቆመች ‹ውይ እናቴ!› ትል ነበር።»

«ትናንትስ አለች?»

«አላለችም» አለች ምሕረት። «ድምፁም... ፀጉር ሲይዝ ይወፍራል፣ ከቆዳ ሲነሣ ይቀጥናል። ትናንት ያለማቋረጥ አንድ ዓይነት ነበር። ተጣራሁ፤ በጩኸቱ አልሰማችኝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ገላውን ገልጦ እየሠራ በር አይከፈት ነገር።»

«ስትመጪ ማንን አገኘሽ?»

«አያ ይሄይስን፤ ወንድሟን። ሲወጡ ነበር። ‹ግቢ፣ ያን ማሽኗን እያስጮኸች ነው› አሉኝ።»

እንቁ ከመኪናው ስትወርድ የምርመራው ሰዓት ተለውጦባት ነበር። የሚያስፈልገው ከአራት ሰዓት በኋላ ሳይሆን ከአራት በፊት የነበረው ሰው ነው። ያን ሰዓት ይህን ግቢ የረገጡት ደግሞ ሦስት ናቸው፤ እጮኛዋ አንዷለም፣ የወንድሟ ሚስት ሸጋዬና ወንድሟ ይሄይስ።

አንዷለም ጥቁር ሹራብ ለብሶ አጥሩ ሥር ለብቻው ቆሟል። መምህር ነው። «ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቼ በር ላይ አነጋገርኳት፤ ኸዚያ በሦስት ሰዓቱ መኪና ወደ ሽንዲ ከተማ ሄድሁ» አለ።

«ምን ተነጋገራችሁ?»

ግራ ቀኙን አየ። «ሠርጉ ቀርቶ ነበር። ሁለታችንም ተስማምተናል። ወንድሜን ግን አንተ አትንገረው፣ ዛሬ እኔ እነግረዋለሁ አለችኝ። እኔም ፈሪ ነኝ፤ እሽ አልሁ።»

ሸጋዬ ፊቷን ነጭታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። «እውነቱን ልናገር፣ ኸውዳሴ ጋር ተነጋግረን አናውቅም ማለት ይቀላል» አለች። «በሊጥ ዕቃዬ አጠገብ ፀጉር፣ በሳፋዬ ፀጉር! ትናንትም ስትጀምር አይቼ እየተቆጣሁ ነው ኸጎረቤት ጋር ገበያ የወጣሁት። ሦስት ሰዓት ነበር። ሞቷን ግን አልተመኘሁም።»

አያ ይሄይስ ሳሎን ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ውዳሴን ያሳደገ፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት ሁሉ የሚጠራ ሰው ነው። ለቀስተኛው እየገባ ጉልበቱን ይነካል። እንቁ ከጎኑ ተቀመጠች። የጋቢው አንድ ጫፍ ቡናማ ጥለቱ ላይ በስለት ተቆርጧል።

«እግዜር ያጥናዎት። ያን ማሽን ያውቁታል?»

«ማወቅስ! እንደ ዝንብ ጥዝ ሲል የሚውል። እኔ በእንጨትም አልነካው!» ፊቱን አጨማደደ። «ሴት ልጅ ገላዋን እንደ ዶሮ ስትነጭ ያስታውካል። በእናታችን ጊዜ እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ጠዋት ጸሎቴን ሳደርስ ነበርሁ። ኸአራት እስከ ስድስት እድር ላይ። ሃያ ሰው ይመሰክራል፤ ይጠይቁ።»

እንቁ አልጠየቀችም። ሃያዎቹ እውነተኞች እንደሚሆኑ አውቃለች።

ሬሳው ጓዳ ውስጥ ነው። ሐኪሙ የራሷን ጉዳት መርምሮ ከመለሰው በኋላ የሚገንዙት እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። እንቁ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«እማሆይ፣ እግሯን ልየው።»

«ምነዋ ልጄ፣ ለምኑ?»

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?»

እማሆይ ነጠላውን እስከ ጉልበት ገለጡ። ግራ እግሯ ንጹሕ ነው፤ አንድ ፀጉር የለበትም። በቆዳው ላይ ግን እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ደም የቋጠሩ ነጠብጣቦች ከላይ እስከ ታች ፈስሰዋል። ቀኙ እንደ ሰም ገርጥቷል። አንድም ነጠብጣብ የለውም። እንቁ በጓንቷ ስትዳስሰው ሻከረ፤ ግማሹ ፀጉር መሐል ለመሐል ተበጥሶ ቀርቷል፤ ቆዳው በአንዳንድ ቦታ ተጎትቶ ተልጧል፤ የተላጠው ቦታም ደም አልቋጠረም።

እማሆይ ነጠላውን መልሰው ሸፈኑ። «ብዙ ሬሳ አጥቤያለሁ» አሉ። «ሬሳ ቢወጉት አይደማ፤ ቢነጩት አያብጥ።» ከዚያ የተናገሩት ገባቸውና አማተቡ። «ወየው! ይህችን ልጅ ኸሞተች በኋላ...»

እንቁ በጓዳው በር ወጥታ ከግድግዳው ኋላ ጎንበስ አለችና የጠዋቱን ቁርስ ሁሉ መለሰችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ምሕረት በሁለት ፖሊስ መካከል ገባች፤ አንዲት ለቀስተኛ ተፋችባት። መልካሙ ማሽኑን ከቻርጀሩ ነቅሎ ሲያመጣ፣ ማብሪያውን ማንም ሳይነካው ዕቃው ዝዝዝ ብሎ ጮኸ። ሸጋዬ ብድግ አለች።

«ማብሪያው ከትናንት ጀምሮ አልጠፋም» አለች እንቁ። «ትናንት ዝም ያለው ቻርጁ አልቆ ነው እንጂ ሰው አጥፍቶት አይደለም። ስሙት። አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ምንም ስላልነከሰ። ምሕረት ግማሽ ሰዓት የሰማችው ይህን ነው። ውዳሴ እግሯን እየሠራች ቢሆን ድምፁ ይወፍር ይቀጥን፣ እሷም ‹ውይ› ትል ነበር። ይህ ማሽን ግን በደረቅ ፎጣ ላይ ተቀምጦ ለራሱ ይጮኽ ነበር። ከተመታ ሰው እጅ የወደቀ ዕቃ ፎጣ ፈልጎ አይቀመጥም፤ አንድ ሰው አስቀምጦታል።»

«ለምን ብሎ?» አለ አንዷለም።

«አራት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች እንዲባል። ከዚያ ሰዓት በኋላ እሱ በሰው መካከል ነዋ። ግን አንድ ችግር ነበረበት። ውዳሴ የሞተችው ግራ እግሯን ጨርሳ ነው፤ ቀኙን አልጀመረችም። ይህን ያህል ሰዓት ማሽኑ ጮኾ አንዱ እግር ባለበት ቢገኝ፣ ገናዦች አይተው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ቀኙን ራሱ ነጨው። ከሞተች በኋላ።»

ሳሎኑ ውስጥ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። አንዷለም አፉን ያዘ። መልካሙ ማሽኑን አጥፍቶ ከራሱ አርቆ ያዘው።

«ግራው እግር ደም ቋጥሯል፤ በሕይወት ሳለች ነው። ቀኙ አልቋጠረም። ግራው በሚያውቅ እጅ ከታች ወደ ላይ ተሠርቷል። ቀኙ ወደ ታች ተጎትቶ ፀጉሩ ተበጣጥሷል። ምሕረት ይህን ለሌላው የምታስተምር ሴት ናት። እሷ ብትሆን ኖሮ ሥራው እንዲህ አያስጠላም ነበር። ደግሞስ በረንዳ ላይ ነበርኩ፣ ማንም አልገባም ብላ ራሷን ታስይዛለች? አንዷለም በሦስት ሰዓቱ መኪና ሄዷል። ሸጋዬ ሲጀመር አይታ ከጎረቤት ጋር ገበያ ወጥታለች። ማን ቀረ?»

«በሐዘኔ ላይ ስድብ!» ይሄይስ ተነሣ። «እኔ ያን ዕቃ በእንጨትም አልነካው ብያለሁ!»

«ብለዋል። እንግዲህ ይህ እንዴት ገባበት?» እንቁ በወረንጦ ከተሽከርካሪው ሥር የተጠመጠመውን መዘዘች። ፀጉር የተለጠፈበት ጉድፍ ቀስ ብሎ ተተረተረ። ነጭ ክር ነው፤ ጫፉ ቡናማ ጥለት። «ማሽኑ የተንዘላዘለ ልብስ ሲያገኝ ይጠቀልላል። ጎንበስ ሲሉ ጋቢዎን ያዘው። በስለት ቆረጡት።»

ሁሉም ዓይን ወደ ጋቢው ጫፍ ዞረ። ሸጋዬ ባሏን እንደ ባዕድ አየችው። «እሾህ ያዘብኝ አላልኸኝም?» አለች። «ትናንት ማታ እሰፋልሃለሁ ስልህ ያንን አላልኸኝም? ኸዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ብለህ በሰው ልጅ...!»

ይሄይስ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሠርጉ ቀርቷል አለችኝ» አለ። «ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ እኔ ቃሌን ሰጥቼ! እግሯን እየነጨች፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ። ገፋኋት።»

«መጀመሪያውን ገፉ እንበል። ሁለተኛውስ?»

መልካሙ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ይሄይስ እጁን ራሱ ዘረጋ፤ አንገቱን አልደፋም። መዝገቡ ሊጻፍ ሲወጣ ግን ይሄይስ ወደ እንቁ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት፣ እመቤቴ። ገደለ ብለው ይጻፉ። በንዴት ገደለ ይባል፣ ኸወንድ የሚጠበቅ ነው። የማሽኑን ነገር ግን ይተውት። ይሄይስ የሴት እግር ነጨ ተብሎ በዚህ አገር ዘሬ እንዴት ቀና ይላል?»

እንቁ አየችው። ቀኑን ሙሉ ስትጠየፍ የዋለችው ፀጉር ምንም እንዳላደረጋት ገባት። ይህ ሰው እህቱን መግደሉን መሸከም ይችላል፤ ያቃተው ሰው እንዳይስቅበት ብቻ ነው። ያን ልመና ብትቀበል ደግሞ፣ ንጹሕ መሆኗን የሚያሳየው ማሽኑ ነውና፣ ምሕረት ዕድሜ ልኳን «ያመለጠችው» ትባላለች።

«ጻፍ» አለችው መልካሙን፤ ራሷም መስኮቱን ከፈተች። «ከማሽኑ ጀምር።»

እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። ሲያልቅ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ ቆማ አነበበችው። ውጭ የነበረው ሁካታ ቀስ በቀስ ሞተ። ቅድም የተፋችው ለቀስተኛ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ምሕረት በፊቷ አልፋ፣ ሬሳውን ሊሸኙ ወደቆሙት ሴቶች ሄደች፤ ሴቶቹም ቦታ ሰጧት። ይሄይስ «እህቱን ገደለ» የሚለው ሲነበብ ቀና ብሎ ሰማ። «ቀኝ እግሯን ነጨ» የሚለው ጋ ሲደረስ ነው ፊቱን በታሰሩ እጆቹ የሸፈነው።