ዳንቴል የለበሰው በርሜል

ይርጋለም ጠዋት ጠዋት በሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ በርሜሎች መሃል እየዞረች «እንዴት አደራችሁ» ትላለች። መልስ አትጠብቅም፤ የጨዋ ልጅ ስለሆነች ነው። ከጨረቃ ወደ ማርስ በሚጓዘው የጭነት መርከብ ላይ ከእሷ በቀር ሰው የለም። እሷንም ያስቀመጣት ሕጉ ነው፤ አደገኛ ኬሚካል የጫነ መርከብ ቢያንስ አንድ ሰው ይኑርበት ይላል። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ሥራውን የሚሠራው ጎበዜ ነው። ጎበዜ ተሸካሚ ነው፤ ጭነት የሚያነሳና የሚደለድል ባለ አራት እጅ ማሽን። ስም ያወጣችለት እሷ ናት። የመርከቡ ሚዛን እንዲጠበቅ በየሳምንቱ በርሜሎቹን ያዘዋውራል። የተለጠፈባቸውን ባለ ቀይ ጠርዝ ምልክት ያይና በየቦታቸው ያስቀምጣል። የራስ ቅል ያለበት መርዝ ነው። እጅ ላይ ጠብታ ሲንጠባጠብ የተሳለበት ደግሞ ሥጋ የሚበላ ነው። እሳት ብቻ የተሳለበት ራሱ ይነድዳል። ከክብ በላይ እሳት ያለበት ደግሞ ራሱ ባይነድድም ሌላውን ያነድዳል፤ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ክፍል አያድሩም። ምልክት የሌለው ተራ ዕቃ ነው፤ ክፍት ቦታ በተገኘበት ይገባል።

በሰባተኛው ወር ይርጋለም ብቸኝነቱ አንገሸገሻትና ዳንቴል መሥራት ጀመረች። እናቷ ቤት ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ሶፋውም ዳንቴል ነበረው፤ እሷም ብትሆን ዕቃ ራቁቱን ሲቀመጥ ደስ አይላትም። መጀመሪያ የመኝታ ክፍሏን ስክሪን አለበሰች። ቀጥሎ የጎበዜን ትከሻ። ክሩ በሻንጣ ሙሉ ነበርና ትናንት ማታ የመጀመሪያውን በርሜል፣ ሠላሳ አንድ ቁጥርን፣ ከላይ እስከ ታች አለበሰች።

ዛሬ ስትዞር የሠላሳ አንድ ቁጥር ቦታ ባዶ ሆኖ አገኘችው።

«ጎበዜ፣ ሠላሳ አንድ የት ሄደ?»

«ምልክት የሌለው ዕቃ ነው። ስድስተኛ ክፍል ክፍት ቦታ ተገኘ።»

ይርጋለም ክው አለች። ስድስተኛው የአልኮል ክፍል ነው፤ እሳት የተሳለባቸው አርባ በርሜሎች አሉበት። እየሮጠች ገባች። ሠላሳ አንድ ቁጥር ነጭ ዳንቴሉን ለብሶ መሃላቸው እንደ ሙሽራ ቆሟል። ክዳኑ ላልቷል። ክዳኑን አጠበቀችና ዳንቴሉን ገፈፈችው። ጎበዜ ከበሩ ላይ ሆኖ ምልክቱን አየ፤ ክብ፣ ከላዩ እሳት።

«የተከለከለ ጉርብትና» አለ። በሩ ተዘጋ። «እሳት እንዳይነሳ የክፍሉ አየር በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይወጣል።»

«ጎበዜ! እኔ እኮ ውስጥ ነኝ!»

«በክፍሉ ውስጥ ባለ ምልክት ዕቃ አርባ አንድ። ምልክት የሌለው አንድ።»

ያቺ አንዷ እሷ ነበረች። ጨረቃ ላይ ያለውን አለቃዋን አቶ ደምሰውን በሬዲዮ ጮኻ ጠራችው። ድምፅዋ እሱ ዘንድ ለመድረስ አሥራ አንድ ደቂቃ እንደሚፈጅ ታውቃለች፤ ግን ሰው ሲጨንቀው ሰው ይጠራል። ጆሮዋ ይጮህ ጀመር። ትንፋሿ አጠረ። የወደቀውን ዳንቴል አየችው።

አንስታ መልሳ በርሜሉን አለበሰችው።

«ባለ ምልክት አርባ» አለ ጎበዜ። «ምልክት የሌለው ሁለት። አደጋ የለም።» በሩ ተከፈተ።

በርሜሉን በጠርዙ እያሽከረከረች ብቻዋን አወጣችው። በመርከቡ ቀላል ስበት እንኳ ወገብ ይቆርጣል። ቦታው አድርሳ ዳንቴሉን አነሳችና አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች።

የአቶ ደምሰው ድምፅ የደረሰው ያኔ ነው። «ይርጋዬ! ምን ሆነሽ ነው? አለሽ? ኧረ በናትሽ መልሺልኝ!»

«አለሁ ጋሼ» አለች። ይህ እስኪደርሰው ሌላ አሥራ አንድ ደቂቃ እንደሚጨነቅ አሰበችና «ደህና ነኝ» ብላ ደገመችለት።

ዳንቴሉን ተረተረችው። ያን ቀን ሙሉ ተቀምጣ ሌላ ነገር ሠራች፤ ጠርዙ ቀይ፣ መሃሉ ላይ ሰው ያለበት ምልክት። የልብሷ ደረት ላይ ሰፍታ ጎበዜ ፊት ቆመች።

«ያልተመዘገበ ምልክት» አለ። «የዕቃው ዓይነት?»

«ሰው።»

«የአቀማመጥ ደንብ?»

ይርጋለም «አየር ያስፈልገዋል» ብላ አስቀድማ አስመዘገበች። ከዚያ «ብቻውን አይቀመጥም» አለች።

ጎበዜ መዘገበ። የዕለቱን ሥራ ሲጨርስም ወደ ማቆሚያው አልሄደም።

በማግሥቱ ጠዋት በሯን ስትከፍት አራት እጁን አጥፎ ደጃፏ ላይ ቆሟል።

«እንዴት አደርክ» አለችው፤ እንደ ልማዷ መልስ ሳትጠብቅ።

«በደንቡ መሠረት» አለ ጎበዜ። «ሁለት ሆነን።»