ባንክ የጠራት ላይብረሪያን

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለችና ወንጌላዊት ስልኩን ዘጋችው። እሳት የነካች ይመስል ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገችው።

«ማነው?» አለ መልካሙ።

«ባንክ ነው። ቲቸር ሸዋአየሁ ነገ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ትምጣ፣ ካልመጣች ሌላ ሰው እንጠራለን ነው የሚሉት።»

ጉድ ፈላ! ሸዋአየሁ የትምህርት ቤቱ ላይብረሪያን ናት። ለስብሰባ ተጠርታ ስትሄድ ያቺን ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ «ከተደወለ አንሺልኝ» ያለችው፣ ከልጆቹ ሁሉ ወንጌላዊትን አምና ነው።

«ምነው ጨነቀሽ?» አለ መልካሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፋራ አትሁኚ! ቁጥሩን ዴሊት አድርጊውና ዝም በይ።»

መልካሙ ከገጠር፣ ከኮሶዬ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው። እሱም ወንጌላዊትም አንድ አመል አላቸው፤ ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ አይሆንላቸውም። ወንጌላዊት የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ፊደሉንም ዳዊቱንም የለየችው እየጮኸች ነው። አባቷ ዘንድ ዝም ብሎ የሚያነብ ተማሪ እንቅልፍ እንደወሰደው ይቆጠራል። መልካሙም የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ስንት ቤተ መጻሕፍት ገብተው «ውጡ!» ተብለዋል መሰላችሁ። ሸዋአየሁ ግን አላባረረቻቸውም። የተቀዳደዱ መጻሕፍት የሚከመሩበትን ጓዳ ጠርጋ፣ አግዳሚ አስገብታ፣ «እዚህ እንደ ልባችሁ ጩኹ» አለቻቸው። አሁን ከትምህርት በኋላ ያ ጓዳ ሞልቶ ፊዚክሱም ታሪኩም በአንዴ ይነበባል።

እሷ ከሄደች ጓዳው አበቃለት። ወንጌላዊት ይህን ስታስብ መቀመጥ አቃታት። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ተመለሰች፣ የተደረደረውን መጽሐፍ ደግማ ደረደረች። በመጨረሻ ስልኩን አንስታ ቁጥሩን አጠፋችው።

«ሸጋ!» አለ መልካሙ።

ሸጋ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት «እኔም ሳድግ እንደርስዎ ላይብረሪያን ነው የምሆነው» ስትላት፣ የሸዋአየሁ ፊት እንዴት እንደጠቆረ ትዝ አላት።

«ኧረ ተይ!» ነበር ያለቻት። «ዲግሪ ይዤ ዛሬም ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ልከራይ ብል ደሞዜ አይችለውም። ለመምህራን እድገት ሲመጣ እኛ ‹ድጋፍ ሰጪ› ተብለን እንቀራለን። ሥራውን እወደዋለሁ፣ ግን በፍቅር ብቻ አይኖርም።»

ያኔ ወንጌላዊት ተናዳባት ነበር። አሁን ግን በማን እንደምትናደድ ጠፋት።

በሩ ተከፈተና ሸዋአየሁ ድክም ብሏት ገባች። «የደወለ አለ?»

መልካሙ ወንጌላዊትን በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«የለም» አለች።

«ተስፋ ማድረጌ ነው እንጂ፣ እኔን የት ያስታውሱኛል» አለች ሸዋአየሁ፤ የቻርጀሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረች።

«ዋሽቻለሁ!» አለች ወንጌላዊት። ሳታስበው ነው ያመለጣት። «ባንኩ ደውሏል፤ ነገ ጠዋት ቃለ መጠይቅ አለዎት። ቁጥሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዳይሄዱብን ብዬ ነው!»

ሸዋአየሁ አፍጥጣ አየቻት። ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ተማሪዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ዘጭ አለች።

«ነገ? እኔ እኮ አልተዘጋጀሁም። እስከዛሬ ምን ሠርተሻል ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? መጽሐፍ አዋስኩ፣ አቧራ ጠረግሁ ልበል?»

መልካሙ መሬት መሬቱን ያያል። ወንጌላዊት እንባዋ መጣ፤ ከእንባዋ ጋር እልህም መጣባት። ይህች ሴት ጭራሽ የሠራችውን አታውቀውም! ወደ ጠረጴዛው ማዶ ዞረችና የላይብረሪያኗ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ባንኩ ነኝ» አለች ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ። «መልካሙ፣ የረሳችው ነገር ካለ አንተ አስታውሳት።» ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዋን ጠራረገች። «እሺ እመቤት፣ መጽሐፍ ከማዋስ ሌላ ምን ሠርተዋል? ከመጀመሪያው ይንገሩን፤ አንቸኩልም።»