የሾፌሩ ሰዓት ቀለበት

እኔ ሰይጣን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያወራ ፊቱ ተቀምጬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ይኼን ቢቸና ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ከመጋዘኑ ጀርባ የሚያስነጥስ ነገር አለ ብሎ ሲምል ሲገዘት፣ "ጉንፋን የያዘው ሰይጣን ነዋ፣ ክሊኒክ ውሰደው" ያልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ለወሬ ያህል የማወራው እንዳይመስላችሁ። በእጄ ላይ የሆነ ነገር ነው፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ቢቸና አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፣ አስማማው ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የጭነት መኪና ሾፌር። ሰሜን ጦርነቱ ሲበረታ መኪናው ከነሾፌሩ ለዘመቻ ተጠራና፣ አስማማው ሚስቱን የሺን ተሰናብቶ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አብሮት የዘመተ ሌላ ሾፌር በቢቸና ሲያልፍ የአስማማውን የእጅ ሰዓት ለየሺ አመጣላት፣ "መኪናው ሲቃጠል አይቻለሁ፣ እሱን ግን አላየሁትም፣ ይቺን ከመንገድ ዳር ነው ያነሳኋት" አላትና ውልቅ ብሎ ሄደ። በቃ፣ ያለው ይኼ ነው። መርዶ የነገረን መንግሥት የለ፣ ተርፏል ያለን ሰው የለ።

የአስማማው እናት እማማ ደብሬ የሚኖሩት ሞጣ ነው፣ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፣ የሚሉትም አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "ልጄን ሳላለቅሰው አልሙት።" በእኛ አገር አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው በዕቃው ይለቀሳል፣ ኮቱ፣ ፎቶው፣ የእጁ ሰዓት መሀል ይወጣና አልቃሿ እያነሳች ሙሾ ታወርድበታለች። የሺ ግን "ባሌን በቁሙ አልቀብርም" ብላ ስታስቸግር ከርማ፣ በስንት ሽማግሌ ልመና ተረታች፣ ለቅሶውም እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። ቀበሌው "ማን መርዶ ነገራችሁ?" ብሎ እንዳይነሳባቸው የአያት ተዝካር ነው ተባለ።

እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ አትሉም? አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞጣ ላይ ሰዓት ሠሪ ነበር፣ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ስላደግሁ እጄ ሥራውን ለምዷል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የቆመ ሰዓቱን ለእኔ ነበር የሚያመጣው። አርብ ዕለት ከየሺ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረን፣ በጉንደ ወይን አድርገን እየተንገጫገጭን ሞጣ ስንደርስ፣ ሰዓቱን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ።

"ዘነቡ፣ እህቴ፣ ይቺን አበጂልኝ" አለች፣ "ሰው ፊት እንዲህ ሆና አትውጣ።"

የተሰበረው በመስታወቱ ዙሪያ ያለው፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር የተጻፈበት፣ በጣት የሚዞረው ቀለበት ነው። ግማሹ የለም፣ ግማሹ ተጣሟል። ሰዓቱ አሮጌ ነው፣ ግን ምን የመሰለ ዕቃ መሰላችሁ፣ ኦቶማቲክ ነው፣ እጅ ላይ ሲውል ይሠራል፣ አውልቀው ካስቀመጡት ይቆማል። ያን ጊዜም ከቆመ ከርሟል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እናቴ ቤት የአባቴን የዕቃ ሣጥን አውጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። አሮጌውን ቀለበት በቀጭን ቢላ ከዳር ከዳሩ እየነቀነቅሁ አነሳሁት፣ ሥሩን በቤንዚን አጸዳሁ፣ ከአባቴ ትርፍራፊ ዕቃ መሀልም ልኩ የሆነ ቀለበት አገኘሁ። ችግሩ፣ ቀለበቱን ከሥር የሚይዘውና ሲያዞሩት ቀጭ ቀጭ የሚያሰኘው ቀጭን ሽቦ የለም። ለአንድ ቀን ለቅሶ ምን ይሆናል ብዬ በሙጫ ለጠፍሁት፣ የቀለበቱን አሥራ ሁለት ከሰዓቱ አሥራ ሁለት ጋር ገጥሜ፣ በጨርቅ ጠፍሬ አደረቅሁት። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ በሙጫ የተለጠፈ ቀለበት አይዞርም፣ ሽቦ የሌለው ደግሞ ድምፅ አይሰጥም።

ሰዓቱን ሳህን ላይ አስቀምጬ ጓሮ ወጣሁ። ከእናቴ ጋር ጎመን እየቀነጠስን ስንጫወት ከቤት ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ተሰማኝ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ። አይጥ ነው ብዬ ዝም ልል ስል እናቴ ቀና ብላ "ምንድን ነው እሱ?" አለች። ገባሁ። አይጥ የለም፣ ሰዓቱ ግን ይሠራል። ይኼስ ያጋጥማል፣ ስነካካው ተቀስቅሶ ይሆናል። የቀለበቱ አሥራ ሁለት ግን ቁልቁል ዞሮ ስድስት ላይ ተቀምጧል።

"እማዬ፣ ነካክተሽዋል እንዴ?"

"ጉድ እኮ ነው! አብሬሽ ጓሮ አልነበርኩም? ደግሞስ የሙት ዕቃ ምን ሆኜ ነው የምነካው!" ብላ አማተበች።

እኔ ግን፣ እውነቴን ነው፣ የተጠራጠርኩት ራሴን ነው። ቸኩዬ ገልብጬ ለጥፌው ይሆናል ብዬ ራሴን እየሰደብኩ እንደገና ነቀልኩት፣ እንደገና አስተካክዬ ለጠፍኩት፣ ይኼን ጊዜ ግን ቀለበቱና ገላው በሚገናኙበት ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁበት፣ ሙጫው እስኪደርቅም ዓይኔን አልነቀልኩም። ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበትና እላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። አዎ፣ ተቀመጥኩበት፣ ሳቁብኝ።

ሊመሽ ሲል፣ ኩራዙ ገና ሳይበራ፣ ከሥሬ መጣ። ቀጭ። ሰው ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ በጣቱ የሚያዞረው ዓይነት። ቀጭ፣ ቀጭ። ድምፁ እስኪያቆም እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት። ስከፍተው ሙጫው እንደ ደረቀ ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ አልተላቀቀም፣ ቀለበቱ ላይ ያለው የእርሳስ ምልክት ግን ከማዶ ሄዷል፣ አሥራ ሁለቱም ስድስት ላይ ነው። ሰዓቱን ሳነሳው ጀርባው ይሞቃል፣ አሁን ከሰው እጅ የወለቀ ያህል ይሞቃል። ፈራሁ፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደ ሕፃን ፈራሁ፣ እናቴ ጉያ ውስጥ ነው ያደርኩት።

እሑድ ጠዋት የሺ ከል ለብሳ መጣች፣ ዓይኗ አብጧል። አፈርኩ፣ ምን እላታለሁ? "ቀለበቱ ተዛንፎብኛል፣ እንዳስተካክለው ጊዜ የለም፣ ይቅር በይኝ" ብዬ ሰጠኋት። አየችው፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ ደግማ አየችው።

"ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"አሥራ ሁለቱን ስድስት ላይ እንደሚያደርገው! ሊሄድ ሲል፣ በዚያች ጠዋት፣ ኮንቮዩ የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ የውስጡን ለእነሱ፣ የላዩን ለእኛ ሰዓት ላድርገው ብሎ ነው ያዞራት። እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ለማንም አልተናገርኩም፣ ዘነቡ፣ ለማንም!"

እኔም የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፣ እናቴም ድምፁን መስማቷን መሰከረች። ያን እንደሰማች ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ለቅሶው ቤት ሮጠች፣ እኔም ከኋላዋ።

ዳሱ ሞልቷል፣ ኮቱና ፎቶው መሀል ወጥቷል፣ እማማ ደብሬን ከነአልጋቸው አውጥተው አስቀምጠዋቸዋል፣ አልቃሿ ጉሮሮዋን እየጠረገች ነው። የሺ ሄዳ ፎቶውን ከመሀል አነሳችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"አይለቀስም! አስማማው አልሞተም!"

እማማ ደብሬ ቀና አሉ። "ልጄን እንዳላለቅሰው ልትከለክይኝ ነው? ስንት ቀን አለኝ ብለሽ ነው?" ሲሉ ድምፃቸው ሆድ ይበላል። የሺ ሰዓቱን መዳፋቸው ላይ አስቀምጣ ጣታቸውን አጠፈችላቸው፣ ቀለበቱ በራሱ እንደ ዞረ፣ ሰዓቱም እንደ ሰው እጅ ሞቆ እንደ ተገኘ በጆሮአቸው ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"አንቺ አላዞርሽውም?"

"አላዞርኩትም። ማርያምን።"

ፊታቸው ተጨማደደ፣ ሊያለቅሱ ነው ስል ጥርሳቸውን ነክሰው ዋጡት። "በሉ ዳሱን አፍርሱት" አሉ። ሕዝቡ ተዝካሩን በልቶ አፉን ይዞ ሄደ፣ ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰ አንድ ሰው አልነበረም።

እማማ ደብሬ ክረምቱን አልተሻገሩም፣ ልጃቸውን ሳያለቅሱ ሞቱ። ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ ቆስሎ፣ ተርቦ፣ ባዶ እግሩን በየመንገዱ ሲመለስ፣ የሺ ቢቸና መንገድ ዳር ቆማ ያልጠየቀችው ሰው የለም። አስማማው አልመጣም። ሞቱንም ያየ አልተገኘም። ባል የሞተባት እንዳትባል ከሉን አውልቃለች፣ ባለ ትዳር እንዳትባል ቤቷ ባዶ ነው፣ ሊያገባት የመጣውን ሁሉ "ባል አለኝ" ብላ መልሳለች።

ደህና ሰው ነች፣ አእምሮዋ ምንም አልሆነም፣ እንዳይመስላችሁ። ብቻ ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ይዛ ወደ ጥግ ትወስደኛለች፣ "አንቺ ነሽ ያየሽው፣ ንገሪኝ፣ ላልቅሰው ወይስ ልጠብቀው?" ትለኛለች። ጠብቂው እንዳልላት ዕድሜዋ እያለቀ ነው፣ አልቅሺው እንዳልላት ያየሁትን አይቻለሁ። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ገበያ ላይ አገኘችኝ፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፣ ዶሮዋን በብብቷ እንደያዘች ጠጋ ብላ "አሁንስ፣ ዘነቡ?" አለችኝ። ዓይኔን ወደ ዶሮዋ ሳዞርባት፣ "ይሁን፣ መልካም በዓል" ብላኝ ሄደች።