የማክሰኞው ወተት

አቶ ገነነ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ ቀሩ። ዋና ሳጅን ስመኘው ሲደርስ ራስጌያቸው ግማሹ የጎደለ የወተት ብርጭቆ ተቀምጧል፤ ብርጭቆው ፀረ ተባይ ፀረ ተባይ ይሸታል።

ቤቱ በቡሬ ከተማ አንጋፋ ነው። በበቅሎ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን እያራገፈ ያድርበት ነበር፤ ዛሬ የገነነ ቤተሰብ ሆቴልና ምግብ ቤት ነው። ወተት የሚያቀርብላቸው ጎረቤታቸው ኑዕማን ደግሞ በካቴና ታስሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ትናንት በአጥር ጉዳይ ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል።

«ነገሩ አልቋል፣ ስመኘው» አለ አዛዡ። አዛዡ ስመኘው ራሱ ሥራ ያስለመደው ልጅ ነው። «አንተ ቃል ተቀበልና ጻፍ። ትንተናውን ለተማረ ሰው ተወው።»

ከስምንተኛ ክፍል መቅረቱን በየስብሰባው ያነሱበታል። ዋጥ አደረጋት። ጎንበስ ብሎ የሟቹን ሪዝ አየ፤ የወተት ጠብታ የለበትም። ዐይናቸው ደም ለብሷል። ትራሱን ገለበጠው፤ የጥርስ ምልክት አለበት። በመስኮት አንገቱን ቢያወጣ አንዲት ድመት የፈሰሰ ወተት አጠገብ ተዘርራለች።

የሟቹ አንድያ ልጅ አንዷለም ስለ ወተቱ ሲጠየቅ ስልኩን እየነካካ መለሰ፦

«አባቴ የኑዕማንን ወተት ሳይጠጣ ጋደም አይልም። ዛሬም ሲጠጣ በዐይኔ አይቻለሁ።»

«ቤቱን አፍርሰህ ፎቅ ልታቆም ነው ይባላል።»

«እምቢ አለኝ፣ ተውኩት። ይኼም ወንጀል ሆነ?»

ስመኘው ወደ ወጥ ቤት ዘለቀ። «እትዬ ባንቺአየሁ፣ ምሳ ምን ሰጧቸው?»

«ሽሮ በኑግ ዘይት። ለብቻቸው ነው የምሠራ።»

«ልጅየውስ?»

«ኧረ እሱማ ከአባቱ ማዕድ ከራቀ ዓመቱ! ከደንበኛ ጋር ጥብሱን ይቆርጣል።»

ስመኘው ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«አያ ገነነ ታፍነው ነው የሞቱ» አለ። «መርዝ አልጠጡም። ሪዛቸው ንጹሕ ነው፤ ጥርሳቸው ያረፈው ትራሱ ላይ ነው። ገዳዩ ወተቱን ኋላ አምጥቶ ግማሹን በመስኮት ደፋው፤ ድመቷ ላሰችው። በኑዕማን ሊያላክክ ነው። አንድ ነገር ግን አያውቅም። ጋሽ ኑዕማን፣ ለሟቹ ወተት የላኩት መቼ ነው?»

«ለሆቴሉ ነው የማመጣ። ለእሳቸው ካቆምኩ አሥራ ሰባት ቀን ሆነኝ። ልናገር ብል ማን ይስማኝ!»

«ለምን አቆሙ?»

«ጽጌ ገባ እኮ! ‹የፈቃድ ጾም ናት፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ይዣታለሁ› አሉኝ።»

«ሽሮ በኑግ የበላ ጿሚ» አለ ስመኘው ወደ አዛዡ ዞሮ፣ «በወተት አያወራርድም። እስላሙ ጎረቤት ጾማቸውን ያውቃል፤ ወጥ ሠሪዋም ታውቃለች። ‹ሲጠጣ አየሁ› ያለን አንድ ሰው ነው።»

አንዷለም ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ዛሬ ማክሰኞ ነው! ማክሰኞ ደግሞ የምን ጾም አለ?»



«ልጄ» አለች ባንቺአየሁ፣ «አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳህናቸውን አላየህም?»

አንዷለም ቁጭ አለ።

ካቴናው ከኑዕማን እጅ ወጥቶ አንዷለም እጅ ገባ። ኑዕማን የተላጠ አንጓውን እያሸ ወደ አጥሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ።

«እታለም ባንቺአየሁ» አለ፣ «እንግዲህ ድንኳን የሚተክል ወንድ ቤቱ ውስጥ የለም። ካስማው የት ነው?»