መለኪያው ሲሰምጥ

«ስንት ይላል? አንብቢልን እንጂ» አሉ የፊዚክሱ መምህር።

ልጅቷ አላነበበችም። ቀጭኑ የመስታወት መለኪያ በመጀመሪያው ብርጭቆ፣ ጓደኛዋ ባመጣችው ወተት ውስጥ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ተንሳፍፎ ነበር። በሁለተኛው ብርጭቆ ግን ሰምጦ ጫፉ ብቻ ይታያል። ሁለተኛው ወተት ከእነሱ ቤት የመጣ ነው። ጠዋት አባቷ ነው ቀድቶ የሰጣት።

መምህሩ ነገሩን አሁን አስረድተው ጨርሰዋል። ወተት ከውሃ ይልቅ እፍግታው ከፍ ይላል፤ እኩል መጠን ብንወስድ ወተቱ ይከብዳል። ስለዚህ መለኪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃ ከገባበት እፍግታው ይቀንስና መለኪያው ወደ ታች ይወርዳል።

«ፎርጅድ ወተት!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ብርጭቆው እርጥብ ነበር» አለች ልጅቷ።

ጓደኛዋ ቀና ብላ አየቻት። ብርጭቆውን በጨርቅ ያደረቀችው ጓደኛዋ ራሷ ነበረች። ጨርቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትደርስ አባቷ የወተት ጣሳዎቹን እያጠበ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «የእሱ ወተትና የእሱ ቃል አንድ ነው» ይለዋል። እሷም ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው።

«አባዬ፣ ወተቱ ላይ ውሃ ትጨምራለህ?»

እጁ ጣሳው ላይ ቆመ። «ላሟ እየነጠፈች ነው፣ የኔ ልጅ። የስንት ዓመት ደንበኛ ነው፤ ማንን ልመልስ? ትንሽ ውሃ ሰው አይገድልም።»

«የልብስ ሰፊዋንም ወተት?»

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ናቸው። ልጃቸው በወሊድ ከሞተችባቸው ጀምሮ ሕፃኑን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። በየማታው ወተት የምታደርስላቸውም ልጅቷ ራሷ ነች።

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢቆጣት፣ ቢዋሻት እንኳ ይሻላት ነበር።

ጣሳውን አንስታ ስትወጣ ከኋላዋ ተጣራ። «አደራ፣ ይህ ነገር ከቤት እንዳይወጣ። ስሜ ነው ያለኝ።»

ድምፁ የልመና ነበር። አባቷ ሲለምን ሰምታው አታውቅም። መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ሄደች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«መጣሽልን እንዴ፣ የኔ እናት!» አሉ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናቸው እየተነሱ። «ጡጦውን እስካጥብ ልጁን ያዢልኝ። ሐኪሙ ዛሬም ኪሎው አልጨመረም አለኝ። ምን እንደማደርገው እንጃ፤ ጥርግ አድርጎ ነው የሚጠጣው።»

ሕፃኑን ተቀበለቻቸው። ስምንት ወር ሆኖታል፤ ክንዷ ላይ ግን ልብስ የያዘች እንጂ ልጅ የያዘች አልመሰላትም። ጣሳውን አይቶ እጆቹን ዘረጋ።

ልብስ ሰፊዋ ጡጦውን አጥበው ተመለሱና ጣሳውን ሊከፍቱ ጎንበስ አሉ።

«እማማ፣ አይስጡት» አለች። «ውሃ አለበት። እስከዛሬ ያመጣሁልዎም እንደዚሁ ነው።»

ሴትዮዋ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። «ማነው የጨመረበት?»

ሕፃኑን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው።

«አባቴ ነው» አለች።