የእንዳልክ ጉርሻ

«እጅህን ስትታጠብ ልብህንም ታጠብ።»

የእንዳልክ አባት ምግብ በቀረበ ቁጥር ይህን ይላል። ጠዋትም ይላል፤ ማታም ይላል።

እንዳልክ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁን መታጠብ ያውቃል። ልብ እንዴት እንደሚታጠብ ግን ገና አልገባውም።

አባቱ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። ኳ! ኳ! ኳ! ይላል መዶሻው።

የፋሲካ ማግስት ነበር። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከሩቅ መጣ። ድርርርር!

ልክ በራቸው ላይ ሲደርስ… ፒስስስስ! ጎማው ተነፈሰ።

ሾፌሩ ወረዱ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጺማቸው ሸበት ብሏል። መኪናቸው እስከ ላይ ድረስ ጎመን ጭኗል።

አባት ጎማውን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ አዲስ ይፈልጋል። የጎማ ሱቁ ደግሞ ለበዓል ተዘግቷል፤ የሚከፈተው ነገ ነው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል?» አሉ ሾፌሩ።

«ምን ይደረጋል ይላሉ እንዴ? የእግዜር እንግዳ ነዎት! ይግቡ፤ ዛሬ እኛ ጋር ነው የሚያድሩት።»

የእንግዳው ስም ጋሽ አበጋዝ ነው። እንዳልክ ገና ሲያያቸው ወደዳቸው።

እናት የበግ ጥብስ አቀረበች። ጩስስስ! ይላል ገና። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ጋሽ አበጋዝ ግን እንጀራውን ብቻ ቆረሱ።

«ሥጋውንም ይብሉ እንጂ! በሞቴ!» አለች እናት።

«እግዜር ይስጥልኝ። ሥጋ አልበላም።»

እንዳልክ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ጾሙ እኮ ትናንት ተፈታ! አልሰሙም?»

ጋሽ አበጋዝ ሳቁ። «ሰምቻለሁ፣ ጎበዝ። እኔ ጾም ቢሆንም ባይሆንም ሥጋ አልበላም።»

እናት ጭንቅ ያዛት። «ወይኔ! በፋሲካ ማን ሽሮ ይሠራል? አሁን ምን ላቅርብ?»

«ጎመን አለኝ» አሉ ጋሽ አበጋዝ። «መኪና ሙሉ!»

ሁሉም ሳቁ። እናት ንጹሕ ድስት አወጣች፤ ጎመኑን በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ሠራችው። ጩስስስ!

ጎረቤታቸው እትዬ ዘርፌ በዓል ልትጠይቅ መጥታ ነበር። «ጎመን የበላ ሰው ይሄን ሁሉ ጭነት ያነሳል እንዴ?» ብላ ቀለደች።

ጋሽ አበጋዝ ወደ እንዳልክ ዞሩ። «በሬ ምን ይበላል?»

«ሣር!»

«ጉልበቱስ?»

እንዳልክ ሁለት ክንዱን ዘረጋ። «ይሄን ያህል!»

«እሺ፣ ተረታሁ» አለች እትዬ ዘርፌ። «ጥብሴን ግን ማንም እንዳይነካብኝ!»

«እኛ አመስግነን እንበላለን» አለ አባት። «እሳቸው አመስግነው ይተዋሉ። ሁላችንንም የሚሰማን አንድ እግዜር ነው።»

ከዚያ መጎራረስ ተጀመረ።

እናት እንዳልክን አጎረሰችው። «አፍህን ክፈት! አአአ… አም!»

እንዳልክ አባቱን አጎረሰው። «አፍህን ክፈት! አአአ… አም!»

ጋሽ አበጋዝ ጎመን ጠቅልለው እንዳልክን አጎረሱት። «አፍህን ክፈት! አአአ… አም!» ጣፋጭ ነበር።

እንዳልክ ከድርሻው አንዲት ጮማ አስቀርቶ ነበር። ለመጨረሻ ያቆያት፣ ከሁሉም የምትጣፍጠዋ።

«አንዴ ቢቀምሷት!» አለ በልቡ። «አንዴ ብቻ ቢቀምሷት ይወዷታል።»

ጮማዋን በጎመን ሸፈናት። ጎመኑን በእንጀራ ጠቀለለው። አሁን ምንም አይታይም።

«ጋሼ፣ አፍዎን ይክፈቱ!»

ጋሽ አበጋዝ ፈገግ አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አፋቸውን ከፈቱ። አአአ…

አኘኩ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ማኘካቸውን አቆሙ።

«አም» አላሉም።

ዓይናቸውን ገለጡና እንዳልክን አዩት። ተነሥተው ወደ ደጅ ወጡ።

አፋቸውን ሲጉመጠመጡ ተሰማ። ጉም ጉም ጉም… ጱ! ደግመው ተጉመጠመጡ። ጉም ጉም ጉም… ጱ!

ቤቱ ውስጥ ማንም አልሳቀም። እትዬ ዘርፌ እንኳን አልሳቀችም።

«ምን አደረግህ?» አለ አባቱ።

እንዳልክ አቀረቀረ።

ሄዶ እጁን ታጠበ። በሳሙና ታጠበ። ደግሞ ታጠበ። እጁ ጠራ፤ ደረቱ ውስጥ ግን ድንጋይ የተቀመጠ መሰለው።

ቀስ ብሎ ወደ ደጅ ወጣ። ጋሽ አበጋዝ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጅ ሳለሁ ጥጃ ነበረኝ» አሉት። «ስሙ ቦራ ነው። እጄን ይልሰኝ ነበር። ላስ፣ ላስ፣ ላስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አደገ። አንድ የበዓል ቀን ቤት ስገባ ቦራ የለም። ከዚያ ወዲህ አፌ ሥጋ እምቢ አለኝ።»

«እኔ እኮ አላወቅሁም» አለ እንዳልክ።

«ስለ ቦራ አላወቅህም። አልበላም ስል ግን ሰምተኸኛል።»

እንዳልክ መሬት መሬቱን አየ።

«ያሳዘነኝ ጮማዋ አይደለችም፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ አበጋዝ። «ዓይኔን ጨፍኜልህ ነበር።»

እንዳልክ ይቅርታ ሊል ፈለገ። ግን ሳይል ወደ ቤት ገባ።

ማታ አባቱ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ጸለየ። እንዳልክ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ።

«አባዬ፣ ልብ በምን ይታጠባል?»

አባቱ ወደ እሱ ዞረ። «ውሃውን የሚያፈሰው እግዜር ነው። ጥፋትህን አውጥቶ መናገሩ ግን ያንተ ነው።»

ነጋ። ሱቁ ተከፈተ። ኳ! ኳ! ኳ! አዲሱ ጎማ ገባ።

እንዳልክ እጁን ታጠበ። ከትናንቱ ጎመን ትንሽ ወስዶ በእንጀራ ጠቀለለ። በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኪናው ሮጠ።

«ጋሼ! ትናንት ደብቄ ነው ያጎረስኩዎት። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እጁን ዘረጋ። «ይሄ ጎመን ብቻ ነው። ይዩት።»

«ማየት አያስፈልገኝም» እንዲሉት በጣም ፈልጎ ነበር።

ጋሽ አበጋዝ ግን ጎንበስ አሉ። እንጀራውን ገለጥ አድርገው ውስጡን አዩ። ጎመን ብቻ ነው።

የእንዳልክ እንባ ዱብ አለ። እጁን ግን አላጠፈም።

«አፍዎን ይክፈቱ» አለ በትንሽ ድምፅ።

አአአ… ዛሬ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። እንዳልክን እያዩት ጎረሱ።

አኘኩ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

«አም!»

የእንዳልክ ደረት ቀለል አለው። ሁሉም አልቀለለም፤ ትንሽ ቀለለ።

ጋሽ አበጋዝ አንድ እቅፍ ጎመን ለእናት ሰጡ። የእንዳልክን ራስ ዳበሱና መኪናቸው ላይ ወጡ። ድርርርር!

አባት የእንዳልክን ትከሻ አቀፈ። መኪናው መሄድ ሲጀምር ጋሽ አበጋዝ በመስኮት ብቅ አሉና እንዲህ አሉት፦

«እንዳልክ! ዛሬ ዓይኔን ገልጬ ጎረስኩ። ስመለስ ጨፍኜ እጎርሳለሁ።»